ሙያዎ ቀሏል

ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ረውዳ ሸምሱ የጎረቤቷን የጋሼ ያብስራን ቀኝ ክንድ ከክርኑ በላይ ይዛ በአውራ ጣቷ የወለቀውን አጥንት ራስ ትፈልግ ነበር። አጥንቱ ከትከሻው ቦታ ወጥቶ ወደ ብብቱ ወርዷል። ጋሼ ያብስራ ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ከቡታጅራ በላይ ላሉት ሦስት መንደሮች በቦቴ ውኃ ያመላልሳል። ያን ዕለት ማለዳ የቦቴውን ክዳን ሲወለውል አንሸራትቶት ወደቀ። ሚስቱ እትዬ ሶልያና በነጠላዋ ክንዱን አንገቱ ላይ አንጠልጥላ፣ መንገድ አሻግራ ወደ ረውዳ ቤት አመጣችው።

ረውዳ ወጌሻ ናት። ዕድሜዋ አርባ ስድስት ሲሆን ከእነዚያ ውስጥ ሃያ ስምንቱን ዓመት የሰው አጥንት ስትመልስ ኖራለች።

«በል ትንፋሽህን አውጣና ልቀቀው» አለችው። «ይሄ ክንድ የረውዳ ነው እንጂ የኔ አይደለም በል።»

«ያንቺ ነው፣ ያንቺ ነው» አለ ጋሼ ያብስራ ጥርሱን ነክሶ።

ልትስብ ስትል የእጇ አምባር ተንቀጠቀጠ። አረንጓዴ የነበረው መብራት ቀላ። ከአምባሩ ረጋ ያለ የሴት ድምፅ ወጣ፦

«ረውዳ ሸምሱ፣ ሙያዎ ቀሏል። እስከዛሬ ስላገለገሉ እናመሰግናለን።»

በአባቷ ወጣትነት ፈቃድ ለማውጣት ወራት ይፈጅ ነበር አሉ። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ማኅተም የያዘው ሰው ስብሰባ ላይ ነው፣ ነገ ተመለስ። ከዚያ ሁሉም ነገር አዲስ አበባ ወዳለው አንድ ቢሮ ተሰበሰበ። ሰው «ማዕከሉ» ይለዋል። ወራት የነበረው ሦስት ቀን ሆነ፤ ሦስቱ ቀን አንድ ሰዓት ሆነ፤ በመጨረሻ አራት ሰከንድ ላይ ቆመ። የረውዳ አባት የወጌሻ ፈቃዱን ጓሮው ውስጥ ቆሞ፣ ጫማውን እንኳ ሳያደርግ እንዳገኘ እየሳቀ ያወራ ነበር። በዚያ ጊዜ ያልተደሰተ ሰው የለም።

በአራት ሰከንድ የሚሰጥ ነገር በአራት ሰከንድ ሊወሰድ እንደሚችል ሰው ያሰበው ቆይቶ ነው። ፈቃዱ በየማለዳው የሚመረመር ሆነ። የሱቅ በር የሚከፈተው፣ የመኪና ሞተር የሚነሳው፣ የዳቦ ቤት ምድጃ የሚግለው አምባሩ አረንጓዴ ሲሆን ብቻ ነው። ከአሥር ደቂቃ በላይ አውልቆ ያስቀመጠው ሰው የገዛ ቤቱ በር አይከፈትለትም። አምባሩ አያይም፤ ይሰማል። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል።

ከዚያ ማዕከሉ ሙያዎችን ማቅለል ጀመረ። ሺህ ዘጠኝ መቶ ገደማ የነበሩት የሥራ ዓይነቶች በዚያ ዓመት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ደርሰዋል። በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ፣ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የቀለሉት ሙያዎች ባለቤቶች አምባር ይቀላል። ማንም አልተወቀሰም፣ ማንም አልተከሰሰም። ሙያው ከዝርዝሩ ወጣ፤ በቃ።

«ጋሼ ያብስራ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ልሳበው» አለች ረውዳ። «አንድ ትንፋሽ ናት...»

የእሱ አምባር ቢጫ ሆነ።

ጋሼ ያብስራ ቢጫውን አየና ክንዱን ከእጇ ላይ አወጣ። ሲያወጣ ፊቱ ላብ በላብ ሆነ። ምን እንደሚያስብ ረውዳ ገብቷታል። ፈቃድ በሌለው ሰው አውቆ የተገለገለ የራሱ ፈቃድ ይዘጋል። ፈቃዱ ከተዘጋ ቦቴው አይነሳም። ቦቴው ካልተነሳ ላይ ያሉት መንደሮች ውኃ የላቸውም፣ እሱም ሌላ ሥራ አያውቅም።

«ሆስፒታል እንሄዳለን» አለች እትዬ ሶልያና፣ አምባሩ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። ዓይኗ ግን ረውዳን ይለምን ነበር።

ሆስፒታሉ ያን ቀን አየውና ጉዳቱ ለሕይወት የማያሰጋ ነው አለ። ቀጠሮው ከስምንት ቀን በኋላ ለማክሰኞ ሆነ። ቦቴ ደግሞ አምስት ቀን ከቆመ ፈቃዱ ለተረኛ ይተላለፋል።

ማክሰኞ ረውዳ አዲስ አበባ ሄደች። በስልክ ይግባኝ ማለት ይቻል ነበር፤ ብላም ነበር። መልሱ በአራት ሰከንድ መጣ፦ አልተቀበልንም። እሷ የፈለገችው ግን ሰው ነው፤ አጥንት ያለው፣ ቢወድቅ የሚሰበር ሰው።

የማዕከሉ ሕንፃ አሥራ ሁለት ፎቅ ነው። ሰው ያለው ምድር ቤቱ ላይ ብቻ ነበር። በድሮ ጊዜ ሺህ ሰው ይሰለፍበት በነበረው አዳራሽ ውስጥ ሦስት ወንበር፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ጀርባ አንድ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው ሰው ተቀምጧል። ደረቱ ላይ «ኢዮስያስ፣ የባለጉዳይ አቀባበል» ይላል። ከመቀመጫው ብድግ አለላት።

«በእግርዎ መጡ?» አለ እንደ መገረም ብሎ።

«በአውቶቡስ።»

«ማለቴ፣ ራስዎ። ከመስከረም ወዲህ አራተኛዋ ሰው ነዎት።» ከጠረጴዛው ሥር የታሸገ ውኃ አወጣና አቀረበላት።

ረውዳ ነገሩን ሁሉ ነገረችው። አባቷ ያስተማራትን፣ በእጇ ያለፈውን ሰው፣ ትከሻው ወጥቶ በአልጋው ላይ ስለተቀመጠው ጎረቤቷ። ኢዮስያስ አላቋረጣትም። ስትጨርስ ጠረጴዛውን ነካ አደረገና ከፊቱ የበራውን ጽሑፍ አነበበ።

«ምንም ጥፋት የለብዎትም» አለ። «እንዲያውም ቅሬታ ቀርቦብዎት አያውቅም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ወጌሻ የሚባለው ሙያ ከሕክምና ጋር ይመሳሰላል። ከማሳጅ ጋርም ይመሳሰላል። ሁለት ነገር የሚመስል ሙያ ለሥርዓቱ አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ አቀለለው።»

«ማነው ያቀለለው? ስሙን ይንገሩኝ፤ እሱን ላናግረው።»

ኢዮስያስ ወደ ጣሪያው አየ፤ ከላይ ያሉትን አሥራ አንድ ፎቆች ማለቱ ነበር። «ከላይ ሰው የለም» አለ። «ቀዝቃዛ አየር ነው ያለው። መሣሪያዎቹ እንዳይሞቁ።»

«እርስዎስ? እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ወጣቱ ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ፤ ሲመልስ ዓይኗን አላየም። «ሰው ሲያለቅስ ውኃ እሰጣለሁ። የሥራ ዝርዝሬ ላይ እንዲሁ ነው የተጻፈው፤ ‹ማረጋጋት›።»

ረውዳ አላለቀሰችም። ውኃውን ሳትከፍተው ጠረጴዛው ላይ ትታለት ወጣች። በሩ ላይ ስትደርስ ኢዮስያስ ከኋላዋ፣ ለራሱ የሚያወራ በሚመስል ድምፅ፣ «በሚመጣው ወር የእኔም ይቀላል ይላሉ» ሲል ሰማችው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የግቢዋ በር ተንኳኳ። እትዬ ሶልያና ናት። አልተናገረችም። የግራ እጇን አንስታ የቀኝ እጇን ጣቶች አንድ በአንድ ቆነጠጠች፣ ከዚያ እጇን ግራና ቀኝ አወዛወዘች፦ አይሰማውም።

ረውዳ ገባት። አጥንቱ ጅማትና የደም ሥር ተጭኖ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል። ጣት መደንዘዝ ከጀመረ፣ ያ እጅ እስከሚቀጥለው ማክሰኞ ከቆየ፣ ቢመለስም መሪ የሚይዝ እጅ ላይሆን ይችላል። ይህን ዓይነት እጅ አባቷ ያሳያት የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሳለች ነው። ሰውየው እጁ ሙሉ ነበር፤ ብርጭቆ ማንሳት ግን አይችልም።

ነጠላዋን አንስታ ተከተለቻት።

ጋሼ ያብስራ ሳሎኑ ውስጥ ምንጣፍ ላይ ተቀምጧል። በሦስት ቀን ውስጥ አሥር ዓመት የጨመረ ይመስላል። ረውዳን ሲያይ የሚያወራ መስሎ አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። እትዬ ሶልያና ሬዲዮውን ልትከፍት ስትል ረውዳ ራሷን ነቀነቀች። ድንገት ድምፁ የሚጨምር ሬዲዮም አምባሩን ያነቃዋል፣ ሰው ሞክሮት አይቷል። ዝምታ ይሻላል።

በጀርባው አስተኛችው። እትዬ ሶልያና ጋቢውን ጠቅልላ ጫፉን አፉ ውስጥ አደረገችለትና ደረቱን በሌላ ጨርቅ ጠምጥማ ያዘች። ረውዳ ጫማዋን አውልቃ ከጎኑ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ተረከዟን ብብቱ ውስጥ አስገብታ የእጁን አንጓ በሁለት እጇ ያዘች። የእጁ ቅዝቃዜ አስደነገጣት። በሌላ ጊዜ ቢሆን ታወራው ነበር፤ ስለ መንደሮቹ፣ ስለ መንገዱ፣ ልቡ ከትከሻው ላይ እንዲነሳ። ሥራዋ ግማሹ ወሬ ነበር። አሁን ያላት እጇና ዓይኗ ብቻ ነው።

ዓይኑን እያየች ሳበች።

በዝግታ፣ ሳታቋርጥ። የሰነበተ አጥንት እንቢ ይላል። ጡንቻው ድንጋይ ሆኗል። የጋሼ ያብስራ የአንገት ሥሮች ተገታተሩ፤ ከጋቢው ሥር የታፈነ ነገር ወጣ፤ እትዬ ሶልያና ዓይኗን ጨፍና የእሱን ራስ በጉልበቷ ደገፈች። ረውዳ መሳቡን አላቆመችም። አንድ ደቂቃ አለፈ፣ ሁለት። ልትተወው ምንም አልቀራትም ነበር። ከዚያ ከእግሯ ሥር ጡንቻው ሲረታ ተሰማት። ክንዱን ትንሽ ወደ ውስጥ አዞረችው፤ አጥንቱ ደንገጥ ብሎ ገባ። ድምፁ ከመዳፏ ያለፈ አልነበረም።

ጋቢው ከአፉ ወደቀ። ፊቱ ላይ የነበረው ሁሉ ተፈታ። ረውዳ ጣቶቹን ቆነጠጠችለት፤ ሰበሰባቸው። በድጋሚ ቆነጠጠችው፤ ሳቀ። ሦስቱም ድምፅ ሳያወጡ ሳቁ። እትዬ ሶልያና እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። ረውዳ ነጠላዋን ቀድዳ ክንዱን ከደረቱ ጋር አሰረችለት፣ ሦስት ሳምንት እንዳይፈታው በጣቷ እየቆጠረች አሳየችው፤ እሱም ገብቶኛል ሲል ራሱን ነቀነቀ።

ልትወጣ በሩ ላይ ስትደርስ ጋሼ ያብስራ፣ ወላጆቹ ከልጅነቱ እንዳስለመዱት፣ ሳያስበው፣

«እጅሽን ይባርከው» አለ።

የእሱና የረውዳ አምባር በአንድ ላይ ተንቀጠቀጠ።

ጋሼ ያብስራ የተናገረውን ቃል የሚመልሰው ይመስል አፉን በግራ እጁ ያዘ።

መልእክቱ ለሁለቱም አንድ ነበር። ያለ ፈቃድ አገልግሎት መሰጠቱ በተገልጋዩ ምስጋና ተረጋግጧል። አገልጋይዋ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት ቃሏን ትሰጣለች። ተገልጋዩ አውቆና ፈቅዶ ከሆነ ፈቃዱ ለሁለት ዓመት ይዘጋል። ተገድዶ ከሆነ አይነካም፤ አገልጋይዋ ግን ሰውን በእጅ ከሚነኩ ሙያዎች ሁሉ ለዘለዓለም ትሰረዛለች። ቃሏን ካልሰጠች ተገልጋዩ እንደፈቀደ ይቆጠራል።

ረውዳ ያን ሌሊት የተኛችው ትንሽ ነው። ሙያው በሌላ ስም ይመለሳል የሚል ወሬ ነበር፤ በሰሜን በኩል የሽመና ሥራ ቀልሎ ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሷል። ወጌሻም ሊመለስ ይችላል። ያኔ ንጹሕ ሰው ፈቃዱን በአራት ሰከንድ ያገኛል። የተሰረዘ ሰው ግን አያገኝም። ሃያ ስምንት ዓመቷ በአንዲት ቃል ላይ ተንጠልጥሏል።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እትዬ ሶልያና መጣች። በዚህ ጊዜ መናገር አልፈራችም፤ የሚደበቅ ነገር የለም።

«እሱ ላከኝ» አለች። «ተይው ብሎሻል በይ አለኝ። ‹እኔ ለምኜ ነው፣ ፈቅጄ ነው የተሳብኩት፣ በገዛ አፌም ያጋለጥኳት እኔ ነኝ› ይላል። ሁለት ዓመት እንደምንም ይታለፋል ይላል።»

«አንቺስ ምን ትያለሽ?»

እትዬ ሶልያና የነጠላዋን ጥለት በጣቷ ትጠቀልላለች፣ ትፈታለች።

«እኔማ...» አለች በመጨረሻ። «እኔማ ባሌን አድኚልኝ ብዬ እንደገና ልለምንሽ ነው የመጣሁት። እሱ እንዳይሰማ። አፈርኩ፣ ረውዳ። ግን እንዲህ ነው የማስበው፤ ልዋሽሽ አልፈልግም።»

ረውዳ ስለ እውነቱ አመሰገነቻት። ከጋሼ ያብስራ ደግነት ይልቅ የሴትዮዋ እፍረት ነገሩን አቀለለላት። እትዬ ሶልያናን እስከ በሩ ሸኘች፤ ተመልሳ ሰዎች ሲታከሙ የሚቀመጡበት አግዳሚ ወንበር ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። አምባሯን ወደ አፏ አስጠጋች።

«ቃሌን ልስጥ።»

«ረውዳ ሸምሱ፣ ተገልጋዩን አስገድደዋል?»

«አዎ።»

«በምን መንገድ?»

ይህን አልጠበቀችውም። ውሸት መፍጠር አለባት፣ ውሸቱ ደግሞ በድምፅዋ ይለካል። ትከሻውን አሰበች፣ የቀዘቀዘውን መዳፍ አሰበች፣ የእግሯን ተረከዝ።

«እጁን ያዝኩት» አለች። «አመመው። መቼም ልቀቂኝ ቢል አልለቅም ነበር። እስኪገባ ድረስ አልለቀኩትም።»

አራት ሰከንድ።

«ቃልዎ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። ከእጅ ንክኪ ሙያዎች ሁሉ ተሰርዘዋል። ተገልጋዩ ለአንድ ዓመት ከእርስዎ ጋር እንዳይነጋገር ተወስኗል። ለእርስዎ ክፍት የሆኑ ሙያዎች፦ ዘር መልቀም፣ ጠርሙስ ማጠብ፣ ልብስ መተኮስ። እባክዎ ይምረጡ።»

ማዕከሉ ሰውን ሥራ ፈት አያደርግም፤ በዚህ ይኮራል። ረውዳ የመጨረሻውን መረጠች። አምባሯ አረንጓዴ ሆነ።

ዓርብ ማለዳ ቦቴው ሲነሳ በመስኮቷ አየችው። ጋሼ ያብስራ መሪውን በግራ እጁ ይዟል፤ እትዬ ሶልያና ከጎኑ ተቀምጣ ማርሹን ትቀይርለታለች። ማርሹ እየጮኸ፣ መኪናው እየዘለለ ወደ ላይ ወጣ። ረውዳ ያን ክንድ በእንቅልፉም እንዳይፈታው ልትነግረው ፈልጋ ነበር።

የልብስ መተኮሻ ክፍሉን ማዕከሉ በሳምንት ውስጥ አሟላላት፤ የእንፋሎት ማሽን፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ ማንጠልጠያዎች። የአግዳሚ ወንበሩን ቦታ ጠረጴዛው ያዘው። የመጀመሪያው ወር ውስጥ እጇ ከብዷት ነበር። ልብስ አይጨነቅም፣ አይላብም፤ ሲቃናም አይስቅም። ስታልፍ የምታገኛት እትዬ ሶልያና አንገቷን ሰብራ ሰላም ትላታለች። ጋሼ ያብስራ ሲያገኛት መንገድ ይቀይራል፤ ከቀየረ በኋላ ዘወር ብሎ ያያታል።

በሁለተኛው ወር አጋማሽ፣ ከቀኑ አምስት ሰዓት ገደማ፣ የማታውቃት ሴት ገባች። ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። በግራ እግሯ ጣት ብቻ እየረገጠች፣ ግድግዳውን ተደግፋ መጣችና አንድ ቀሚስ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ረውዳ ዘርግታ አየችው።

«ይሄ እኮ የተተኮሰ ነው» አለቻት።

ሴትዮዋ የራሷን አምባር አየች፤ የረውዳን አየች። ሁለቱም አረንጓዴ ናቸው።

«አዎ» አለች። «ግን ቁርጭምጭሚቱ ጋ ተጨማዷል።»

የረውዳ እጅ ቀሚሱ ላይ ቆመ። ቀሚስ ቁርጭምጭሚት የለውም። ማዕከሉ እንዲህ ያለ ፈታኝ ሰው እንደሚልክ ሰምታለች፤ አንድ ፀጉር አስተካካይ በዚሁ መንገድ ተይዟል። ቀና ብላ የሴትዮዋን ፊት አየች፤ ከፊት ምንም አይገኝም። ከዚያ ወደ ታች አየች። እግሩ ከጫማው በላይ ጠቁሮ እንደ ዳቦ ተነፍቷል። ይህን ማንም ሊያስመስለው አይችልም።

«ማን ነው እዚህ የላከሽ?»

«ውኃ የሚያመላልስ ሰው አለ እኛ መንደር። ልብስ የምታቃና ሴት አለች ብሎ አቅጣጫውን ነገረኝ። ሌላ ምንም አላለም።»

ረውዳ የእንፋሎት ማሽኑን ከፈተችው። ጩኸቱ ክፍሉን ሞላው። በየቀኑ ስለሚጮህ አምባሩ ለምዶታል።

«መቼ ነው የተጨማደደው?»

«ከትናንት ወዲያ። ከደረጃ ላይ።»

«ስትነኪው ይታጠፋል?»

«አልነካሁትም። ፈራሁ።»

ረውዳ ወንበር ስባ አቀረበችላት፤ የቀሚሱን እጅጌ ጠቅልላ ሰጠቻትና እንዴት እንደምትነክሰው በራሷ ጥርስ አሳየቻት። ከዚያ መሬት ላይ ተንበረከከች።

«ጨርቁ ስስ ነው» አለች። «ምንም ድምፅ ሳይሰማ ነው የሚቃናው።»

ሴትዮዋ እጅጌውን ነክሳ ራሷን ነቀነቀች። ረውዳ ተረከዙን በመዳፏ ተቀበለች።